እስከ ድልድዩ ድረስ

ይመር ቁጥር ያነባል፤
«ከገባው መቶ ሰው ስልሳው ወጣ በቀኑ፣
በሳምንቱ የቀሩት አሥራ አንድ ብቻ ሆኑ።
ምን ጎደለው ጨዋታው? ወርቅ አለ፣ ጎራዴ አለ፣
ሰው ግን እንደ ቦርከና እያየን ኮበለለ።»

እኔ ዝም። የደሴ ጉም መስኮቱን ይልሰዋል፣
ጦሳን አንዴ ያሳየንና መልሶ ይውጠዋል።
ጄኔሬተሩ ከታች ያስላል።

ትዝ አለኝ አባቴ፣ ደላላው አሊጋዝ፣
በባቲ ግመል ተራ፣ ከጋቢው ሥር ሆኖ የሰው ጣት ሲይዝ፤
ዋጋ በጣት ነበር፣ ቃል አይወጣም ካፍ፣
እኔም ልጅ ነበርኩ፣ የተቀመጥኩ ከጨው ክምር ጫፍ።

«ዕቃ አይደለም» ይለኝ ነበር፣ «ገበያን የሚያቆመው፤
እግሩን አይተህ ለይ፣ ለምን እንደመጣ ሰው።
ያ ባለ ጥምጣሙ ሲቆጥር ነው የዋለው፤
ብሩ እንዳይመስልህ፣ ቁጥሩ ማደጉ ነው የሚያሰክረው።
ያቺ ደግሞ፣ በጨው ተራ ገብታ በበርበሬው የወጣች፣
ሳንቲም አላወጣችም፣ ሁሉን አሽትታ አለፈች፤
የገበያውን ጓሮ ከኔ ከደላላው ይልቅ ታውቃለች።
እነዚያን ተዋቸው፣
ሰላምታ ሳይጨርሱ ጀምበር ጠለቀችባቸው፤
የመጡት ለጨው ነበር፣ ጨው የለም ባህያቸው።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አርጎ፤
«ከግራሩ ሥር ያለው፣ ቀበቶውን ያጠበቀው፣
የመጣው ለሰው ነው። ሰው ሊጥል፣ ሊያንበረክከው።
አታባርረው ልጄ፤ እሱ ከሌለ ገበያው ያንቀላፋል፤
እሱ ብቻ ካለ ግን በሳምንቱ ማን ያልፋል?
ራቅ ያለ ሜዳ ስጠው። ወንዝ ይኑር በመሀል።»

ጨዋታውን አፍርሼ በባቲ ልክ ሰፋሁት።
ለቆጣሪው መሰላል፣ የማያልቅ፣ አቆምኩለት፤
ለዟሪዋ አንድ ምንጭ ከካርታው ውጭ ደበቅሁ፣
ለወሬኞቹ ጥላና ድንጋይ ብቻ ሰጠሁ፣
ይመር «ድንጋይም ይሸጣል?» ብሎ ሲስቅ ሰማሁ፤
ለጠበኛው፣ ከወንዙ ማዶ።

ቆዩ።
ከመቶው ሰባው ቆየ። ይመር እስክስታ ወረደ።
ከሰባው አንዱ ሙሄ ነው፣ የአከራያችን ልጅ፤
የአሥራ ሁለተኛ ፈተና ደጅ ቆሞ ሲጠብቀው፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ የስልኩ ብርሃን ፊቱን ሲያነጣው
በደረጃው ክፍተት አየሁት።
እኔ ነኝ ያሰርኩት።

ጠዋት እትዬ ዘሀራ በሩን ገፍታ ገባች፤
አልጮኸችም። ኪራይም አላነሳች።
የይመርን ወንበር ስባ ተቀመጠች፤
«እናንተ ቤት» አለች፣ «እንግዳ አይሸኝም ወይ?»

ይህን ነው የረሳሁት። አባቴም ያልነገረኝ፣
ወይ ነግሮኝ፣ ጨው ስልስ ያላዳመጥኩት መሰለኝ።
ወሎ ቤት እንግዳ «እደር» ተብሎ ይለመናል፤
ሲሄድም፣ ዝናብ ቢሆን፣ እስከ ወንዙ አብሮት ይኬዳል።

አንድ ሸኚ ሠራሁ። ከዘራ አስያዝኩት።
ከምሽቱ አምስት ሲሆን ካለህበት ይመጣል፣
አይናገርም፤ እስከ ድልድዩ አብሮህ ይራመዳል።
ይመር ራሱን ይዞ፣ «በስንት መከራ የመጣ
ሰው በገዛ እጃችን ይውጣ?
እብደት ነው! ነገ ማን ሊመጣ?»

የመጀመሪያው ሌሊት፤ ቁጭ ብለን አየን።
ቆጣሪው እርምጃውን እየቆጠረ ወጣ።
ዟሪዋ ከድልድዩ ሥር ጎንበስ አለች፣
ያልደበቅሁትን ፈለገች።
ወሬኞቹማ ሸኚውን መልሰው ሸኙት፣
እሱም እነሱን፤ ሦስቴ ተመላለሱ፣
ማን ማንን እንደሸኘ እስኪረሱ።

ጠበኛው ብቻውን መጣ። ጎራዴውን መዞ
ሸኚውን መታው። አልወደቀም፤
የሚወጣ ነፍስ አልሰጠሁትም ነበር።
ደገመው። ቆመ።
ከዚያ፣ በዚያ ሁሉ ወር
አንድ ፊደል ያልጻፈ ሰው
«ደህና እደር» ብሎ ጻፈ።

ከደረጃው ሥር መብራት ጠፋ።
ሙሄ ይሁን ዋናው መስመር፣ አላወቅንም።
ይመር የነገን ቁጥር ሲጠብቅ አልተኛም።